ከምድር ቤት ወደ ጨረታ፦ ያረጀ የባቡር ሞዴል ስብስብ እንዴት ይሸጣል?

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን በተለይ በአሜሪካና በአውሮፓ ለምትኖሩ ወገኖቻችን ይጠቅማል ብለን ያሰናዳነው ነው። ርዕሳችን አሮጌ የባቡር ሞዴል ስብስብ እንዴት እንደሚሸጥ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«እኛን ከአሻንጉሊት ባቡር ጋር ምን አገናኘን?» የሚል አድማጭ ይኖራል። ብዙዎቻችሁ እንጀራችሁን የምትበሉት አረጋውያንን በመንከባከብ ነው። አንዳንዶቻችሁ ቤት ገዝታችሁ ስትገቡ የቀድሞው ባለቤት ትቶት የሄደ ካርቶን ቤዝመንት ውስጥ አግኝታችኋል። ከአገሬው ሰው ጋር የተጋባችሁም አላችሁ፤ አማት ሲያልፉ ዕቃቸውን የማንሣቱ ሥራ በእናንተ ጫንቃ ላይ ይወድቃል። ቅዳሜ ጠዋት ጋራዥ ሴል የምትዞሩ ደግሞ ሞልታችኋል። በነዚህ ቤቶች ምድር ቤትና ጣሪያ ሥር፣ በጋዜጣ የተጠቀለሉ ትንንሽ ሎኮሞቲቮችና ፉርጎዎች የታጨቁበት ካርቶን ማግኘት የተለመደ ነው። አንዱ ካርቶን ለአንድ ምሳ የማይበቃ ዋጋ አለው፤ ከጎኑ ያለው የወር ደመወዝ ሊያወጣ ይችላል። ላላወቀ ሰው ሁለቱም ያው አቧራ የለበሰ መጫወቻ ናቸው።

ከመነሻው አቋሜን ልናገር። የባቡር ስብስብ መሸጥ ያለበት ባለቤቱ በሕይወት ሳሉ፣ ትዝታቸውም ሳይከዳቸው ነው። የትኛው ፉርጎ ብርቅ እንደሆነ፣ የትኛው ካርቶን የማን እንደሆነ፣ የትኛው ሎኮሞቲቭ ሞተሩ እንደተለወጠ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ሲያልፉ ያ ሁሉ እውቀት አብሯቸው ይቀበራል። ልጆቹ ብዙ ጊዜ ከሌላ ስቴት በአውሮፕላን መጥተው፣ ቀብሩንም ቤቱንም በጥቂት ቀናት ጨርሰው ወደ ሥራቸው የሚመለሱ ናቸው። በዚያ ጥድፊያ ውስጥ ዕድሜ ልክ የተለቀመ ዕቃ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይበተናል። ይህ ነገር በየከተማው በየሳምንቱ የሚደርስ ስለሆነ ነው ዛሬ ሰፋ ያለ ጊዜ የሰጠነው።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ሳያውቁ ዋጋውን መረዳት ያስቸግራልና፣ ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። ደቡብ ጀርመን ውስጥ፣ ከሽቱትጋርት ብዙም በማትርቀው በጎፒንገን ከተማ፣ ሜርክሊን የተባለ ቤተሰብ በ1859 ለአሻንጉሊት ቤት የሚሆኑ የቆርቆሮ ዕቃዎችን መሥራት ጀመረ። በ1891 በላይፕዚግ የንግድ ትርኢት ላይ በሞላ የሚሄድ ባቡር ከነሐዲዱ ይዞ ቀረበ። የዚያ ባቡር ትልቁ ቁም ነገር ሐዲዱ ነው። ስፋቱ በቁጥር እየተለየ ስለተወሰነ፣ ዘንድሮ አንድ ክብ ሐዲድ የገዛ ቤተሰብ ለከርሞው ገና ድልድይ፣ ከዚያ ጣቢያ፣ ከዚያ ተጨማሪ ፉርጎ እያለ መቀጠል ቻለ። አንዱ ዕቃ ሌላውን የሚጠራበት የስብስብ ፍቅር የተወለደው እዚህ ላይ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አሜሪካ ውስጥ ጆሹዋ ላየነል ካወን የተባለ የኒው ዮርክ ልጅ በ1900 በመካከለኛ ስሙ የሚጠራ ኩባንያ አቋቋመ። የላየነል የመጀመሪያው ባቡር ለልጆች እንኳ ታስቦ አልተሠራም። የሱቅ መስኮት ውስጥ እየዞረ አላፊ አግዳሚውን እንዲስብ የተሠራ፣ ክዳን የሌለው የዕቃ ፉርጎ የሚመስል ነገር ነበር። ደንበኛው ግን መስኮቱ ላይ የተደረደረውን ሸቀጥ ትቶ የሚዞረውን ባቡር ሽጡልኝ አለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እስከ 1950ዎቹ አጋማሽ ድረስ ላየነል ከአሜሪካ የገና በዓል የማይለይ ነገር ሆነ። በገና ዛፍ ሥር ሐዲድ ይዘረጋል፤ አባትና ልጅ መሬት ላይ ተንበርክከው ባቡሩን ያዞራሉ።

በ1948 ላየነል የሳንታ ፌ የባቡር መሥመርን የናፍጣ ሎኮሞቲቭ በሞዴል አወጣ። አካሉ የብር ቀለም፣ አፍንጫው ደማቅ ቀይ፣ በጎኑ ቢጫና ጥቁር መሥመር ያለው ውብ ነገር ነው። ያን ባቡር በሱቅ መስኮት አይቶ አባቱ መግዛት ያልቻለለት ልጅ ብዙ ነበር። ያ ልጅ አድጎ፣ ሥራ ይዞ፣ አርባ ዓመት ሲሞላው በልጅነቱ ያማረውን ባቡር ራሱ ገዛው። የአሮጌ ባቡር ገበያ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የደራው እንዲህ ባለ ገዢ ነው። ዋጋውን የወሰነው የብረቱ ዕድሜ ሳይሆን የልጅነት ምኞት ነበር። ታዲያ በ1948 አሥር ዓመት የነበረው ልጅ ዛሬ ዘጠና ሊሞላው ምንም አልቀረው። የሱ ትውልድ ስብስብ በየቦታው በአንድ ጊዜ ወደ ገበያ እየወጣ ነው፤ የልጅ ልጁ ደግሞ የሚያምረው ሌላ ነገር ነው። ሻጩ በዝቶ ገዢው ሲያንስ ዋጋ ወዴት እንደሚሄድ ለማንም ግልጽ ነው። ለቤተሰብ ይህን ማስረዳት ከባድ ነው፤ ሽማግሌው በ1985 የከፈሉበትን ደረሰኝ ይዘው «እንዴት ይወርዳል?» ይላሉ። ቢከፋም መንገር ያስፈልጋል።

አሁን ካርቶኑን እንክፈት። የመጀመሪያው ሥራ ያገኛችሁት ነገር ምን ዓይነት መሆኑን መለየት ነው፤ ለዚህም ማስመሪያ ብቻ ይበቃል። በሁለቱ ውጫዊ ሐዲዶች መካከል ያለውን ክፍተት ለኩ። 32 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነ «ኦ» የሚባለው መጠን ነው፤ መሐሉ ላይ ሦስተኛ ሐዲድ ካለው ላየነል የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። 22 ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ከሆነ «ኤስ» ነው፤ አሜሪካን ፍላየር የሚባለው የላየነል ተፎካካሪ ከጦርነቱ በኋላ በዚህ መጠን ይሠራ ነበር። 16 ሚሊ ሜትር ተኩል ከሆነ በዓለም ላይ በጣም የተስፋፋው «ኤች ኦ» ሊሆን ይችላል፤ ከእንግሊዝ የመጣ ከሆነ ግን ሐዲዱ እኩል ሆኖ ባቡሩ ትንሽ ተለቅ ያለ፣ «ኦ ኦ» የሚባለው ነው። 9 ሚሊ ሜትር «ኤን» ነው። ስድስት ተኩል ብቻ ከሆነ ሜርክሊን በ1972 ያወጣው «ዜድ» ነው፤ ሎኮሞቲቩ ከአውራ ጣት እምብዛም አይበልጥም። በተቃራኒው 45 ሚሊ ሜትር የሆነውና በጓሮ አትክልት መካከል የሚዘረጋው «ጂ» ይባላል።

«ኤች ኦ» ማለት እውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ አንሶ ማለት ነው። ይህን በአገራችን ባቡር ላስረዳ። የድሮው የአዲስ አበባ ጅቡቲ መሥመር 784 ኪሎ ሜትር ነበር። በ«ኤች ኦ» ልሥራው የሚል ሰው ቢመጣ፣ ከለገሃር እስከ ጅቡቲ ወደብ ድረስ 9 ኪሎ ሜትር ሐዲድ መዘርጋት ሊኖርበት ነው። በዚያ ላይ የኛ ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ብቻ ስለነበር፣ የተለመደው 16 ተኩል አይሆነውም፤ ለጠባብ መሥመር የሚሠራውን 12 ሚሊ ሜትሩን መፈለግ ነበረበት። ሜትር ስፋት ባለው መሥመር የታወቀችው ስዊዘርላንድ ስለሆነች፣ ይህ 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ በብዛት የሚገኘው በስዊስ ባቡር ወዳጆች ዘንድ ነው።

መጠኑን ከለያችሁ በኋላ ቁጥሩን ፈልጉ። በሎኮሞቲቩ ጎን ወይም ሆዱ ሥር፣ በፉርጎው ጎን፣ የአምራቹ ስምና ቁጥር ይገኛል። ቁጥሩን እንዳለ፣ ሰረዙንም ፊደሉንም ሳትዘሉ ጻፉት፤ በመጨረሻው ሰረዝ ወይም ፊደል ብቻ ተራው ከብርቁ የሚለይበት ጊዜ አለ።

ካርቶን አትጣሉ። ይህን ሦስት ጊዜ ብደግመው ደስ ይለኛል። ከጦርነቱ በኋላ የነበረው የላየነል ማሸጊያ ብርቱካናማና ሰማያዊ ትንሽ ካርቶን ነው፤ በሁለቱም ጫፍ በሚታጠፈው ክዳን ላይ የዕቃው ቁጥር ታትሟል። ያ ቁጥር ውስጥ ካለው ፉርጎ ቁጥር ጋር ከገጠመ፣ ክዳኖቹም ካልተቀደዱ፣ የዕቃውን ዋጋ በእጅጉ ከፍ ያደርገዋል። ከውስጡ ዕቃ ይልቅ ካርቶኑ የበለጠ የሚያወጣበት ጊዜም አለ፤ ልጆች ባቡሩን ሲጫወቱበት ካርቶኑን ቀድደው ስለጣሉት የተረፈው ጥቂት ነው። በሃምሳ ዓመት ውስጥ አንዱ በሌላው ካርቶን ስለሚገባ፣ ከመሸጣችሁ በፊት ሁሉንም አውጥታችሁ ቁጥር ከቁጥር አገናኙ። የላላውን ክዳን በፕላስተር ልለጥፍ እንዳትሉ፤ ፕላስተሩ ሲነሣ ሕትመቱን ይዞት ይነሣል። ቤቱ ውስጥ ያገኛችሁት የድሮ ካታሎግ፣ የመመሪያ ወረቀት፣ የሱቅ ደረሰኝ ሁሉ ከነአቧራው ይቀመጥ።

ቀጥሎ ሎኮሞቲቩን ገልብጣችሁ ሆዱን እዩ። በተለይ የላየነል የናፍጣ ሎኮሞቲቮች፣ ያን የሳንታ ፌ ጨምሮ፣ ጥሩምባቸው የሚጮኸው ውስጣቸው በሚገባ አንድ ትልቅ የባትሪ ድንጋይ ነው። አንድ አባት በ1956 ገና ድንጋዩን ከትቶ፣ በዓሉ ሲያልፍ እንዳለ ጠቅልሎ አስቀመጠው እንበል። ድንጋዩ ቀስ በቀስ ይፈነዳል፤ ፈሳሹ ወጥቶ መቀመጫውን፣ ሽቦውን፣ ከዚያም የብረቱን ወለል ይበላዋል። ነጭና አረንጓዴ ዱቄት የመሰለ ነገር ካያችሁ ይኸው ነው። ድንጋዩ በቀላሉ ከወጣ በጓንት አውጡት። ከተጣበቀ በጠመንጃ መፍቻ እየጎረጎራችሁ አታስገድዱት፤ ለሚያውቅ ሰው ተዉት። ከላይ ሲታይ ገና ከሱቅ የወጣ የሚመስል ሎኮሞቲቭ ሆዱ ተበልቶ ሊገኝ ይችላል፤ አዋቂ ገዢ አስቀድሞ የሚያየውም ይህንኑ ነው።

ማጠብ ክልክል ነው። በእኛ ዘንድ ለሽያጭ የሚቀርብ ነገር ታጥቦና ተወልውሎ ነው፤ እዚህ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በለስላሳ የቀለም ብሩሽ አቧራውን ማራገፍ ይበቃል። ውሃ፣ ሳሙና፣ አልኮል ከነካው የታተመው ጽሑፍና ቁጥር ይለቃል። ዝገት መፈግፈግ፣ የተላጠውን መቀባት ደግሞ ዋጋውን ይጥለዋል፤ ሰብሳቢው ዘንድ የፋብሪካው ቀለም ቢቆስልም ከአዲስ ቀለም ይበልጣል።

በቅድመ ጦርነት ዕቃዎች ላይ የሚከሰት አንድ በሽታም አለ። በ1930ዎቹ አንዳንድ አካላት ከዚንክ ቅይጥ ይሠሩ ነበር፤ ቅይጡ ውስጥ ትንሽ እርሳስ ከገባበት ብረቱ ከዓመታት በኋላ ከውስጡ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ መጨረሻ ላይ በጣት ሲነኩት እንደ ደረቅ ብስኩት ይፈረፈራል። መድኃኒት የለውም። ጎማው የተሰነጠቀ፣ ወገቡ የጎበጠ አሮጌ ሎኮሞቲቭ ካያችሁ፣ በመውደቅ የተሰበረ ነው ብላችሁ አትሽጡት፤ ምክንያቱን ለገዢው ተናገሩ።

ስለ ደኅንነት ሁለት ነገር። አሮጌ ትራንስፎርመር ሶኬት ላይ አትሰኩ። የገመዱ ልባስ በዕድሜ ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ እሳት ያስነሣል፣ ሰው ይይዛል። የሚፈትነው ሰው ከባቡር ወዳጆች ክበብ ይገኛል። ሁለተኛ፣ አሜሪካ በመጫወቻ ቀለም ውስጥ እርሳስን የከለከለችው በ1978 ነው። ከዚያ በፊት የተሠራውን ለሕፃን ልጃችሁ መጫወቻ ብላችሁ አትስጡ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ያረጀ ሁሉ ውድ ነው» ብሎ ነው። በሺህ በሺህ የተመረተ የ1950ዎቹ ርካሽ የጀማሪ ስብስብ ዛሬም ርካሽ ነው። የበለጠ የሚያሳዝነው ደግሞ «ለሰብሳቢዎች ብቻ፣ በተወሰነ ቁጥር የተመረተ» ተብሎ ከ1970 ወዲህ የተሸጠው ነው። ገዢው ሁሉ ዋጋው ይጨምራል ብሎ ሳይከፍተው አስቀመጠው። ሁሉም ስላስቀመጠው ዛሬ ሁሉም ቤት አዲስ እንደሆነ አለ፤ ሁሉም ቤት ያለ ዕቃ ደግሞ ብርቅ አይሆንም። በጃፓንና በኮሪያ በእጅ የተሠሩት የናስ ሞዴሎችም በአንድ ወቅት እንደ ጌጥ ይፈለጉ ነበር፤ የፕላስቲኩ ሥራ እየረቀቀ ሲመጣ ብዙዎቹ ከጫፋቸው ወርደዋል። እነሱን ያገኘ ሰው ካርቶናቸው ውስጥ ያለውን ስፖንጅ ቶሎ ያውጣ፤ ስፖንጁ በዕድሜ ይቀልጥና ከቀለሙ ጋር ይጣበቃል።

ተቃራኒውን ምሳሌ ልንገራችሁ። በ1957 ላየነል ለሴት ልጆች ብሎ ሮዝ ሎኮሞቲቭ ያለው፣ ፉርጎዎቹም ፈዘዝ ባሉ ውብ ቀለማት የተቀቡ ባቡር አወጣ። አልተሸጠም። ባቡር የምትፈልግ ልጅ የምትፈልገው የእውነተኛውን ባቡር ቀለም ነበር። ብዙ ስላልተሸጠ ጥቂት ቀረ፤ ጥቂት ስለቀረ ዛሬ ሰብሳቢዎች ከሚሻሟቸው የላየነል ዕቃዎች አንዱ እሱ ነው። በኋላ የተሠሩ ቅጂዎችም ስላሉት፣ ሮዝ ባቡር አገኘሁ ብሎ የሚደሰት ሰው መጀመሪያ አዋቂ ያሳይ።

ከሁሉ የሚከብደው ባቡሩ የተዘረጋበት ጠረጴዛ ነው። ሽማግሌው በዓመታት የገነቡት፣ ተራራና ዋሻ፣ መንደርና ወንዝ ያለው ትልቅ ገጽታ በገበያ ዋጋው ከዜሮ ብዙም አይርቅም። በበር አይወጣም፤ ቢወጣም ሌላ ሰው ቤት አይገባም። ሐዲዱን፣ መቀየሪያዎቹን፣ ቤቶቹን ነቅሎ መሸጥ ብቻ ነው የሚቻለው። እባካችሁ ከመንቀላችሁ በፊት ባቡሮቹ እየዞሩ በቪዲዮ ቅዱት፤ ሽማግሌውም ከጎኑ ቆመው ይናገሩ።

የት ይሸጥ? ነጋዴ ዘንድ ብትሄዱ ሁሉንም በአንድ ቀን ይወስድላችኋል። በምትኩ ከችርቻሮው ዋጋ ግማሹን ወይም ከዚያ በታች ይከፍላል። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ ኪራይ አለበት፣ አንዳንዱን ዕቃ ዓመት ጠብቆ ነው የሚሸጠው። ጊዜ ለሌለው ቤተሰብ ይህ ጥሩ መንገድ ነው፤ የሁለት ወይም የሦስት ነጋዴ ዋጋ ግን ስሙ። በመጫወቻ ጨረታ ላይ የተካነ ቤት ደግሞ ኮሚሽን ይወስዳል፤ ብርቅ ዕቃ ካላችሁ የሚሻለው እሱ ነው፣ ሁለት ሀብታም ሰብሳቢዎች ተፎካክረው ዋጋውን ሊሰቅሉት ይችላሉና። በኢንተርኔት አንድ በአንድ መሸጥ ከሁሉ የበለጠ ገንዘብ ያመጣል፤ ግን ፎቶ ማንሣት፣ መጠቅለል፣ ፖስታ ቤት መመላለስ፣ «ተሰብሮ ደረሰኝ» ከሚል ጋር መከራከር ሁሉ በእናንተ ላይ ነው። ኢንተርኔት ላይ ዋጋ ስታዩ ሻጩ የጠየቀውን ትታችሁ በትክክል የተሸጠበትን ተመልከቱ። የጠየቀው ምኞት ነው።

ከባቡር ወዳጆች ጋር ፊት ለፊት መገናኘት ለሚፈልግ፣ በ1954 የተመሠረተው የአሜሪካ የባቡር ሰብሳቢዎች ማኅበር ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ስትራስበርግ ላይ ሙዚየም አለው። እዚያው ፔንሲልቬኒያ፣ ዮርክ ከተማ ላይ ደግሞ በሚያዝያና በጥቅምት ገደማ በዓመት ሁለት ጊዜ ትልቅ የባቡር ገበያ ይቆማል። ከዋሽንግተን አካባቢ በመኪና ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው። ሰብሳቢዎች የዕቃን ይዞታ ከአንድ እስከ አሥር ባለው ደረጃ ነው የሚነጋገሩት፤ አሥር ማለት ከፋብሪካ እንደወጣ፣ ያልተነካ ማለት ነው። እናንተ ካላወቃችሁ ደረጃ አትስጡ፤ ጥርት ያለ ፎቶ አንሡና ገዢው ይፍረድ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የመጀመሪያው ገዢ ቤት መጥቶ «እነዚህን አምስቱን ብቻ ልውሰድ፣ ጥሩ እከፍላለሁ» ይላችኋል። አምስቱ የስብስቡ ጌጦች ናቸው። እነሱ ከሄዱ በኋላ የቀረውን ሦስት መቶ ዕቃ ለማየት የሚመጣ አይኖርም። ምርጡና ተራው አብሮ ይሂድ፣ ወይም ምርጡን እናንተው ለይታችሁ ለጨረታ አቅርቡት።

ባለቤቱ ራሱ በሕይወት እያለ የሸጠበትን አንድ የታወቀ ምሳሌ ልጥቀስ። ካናዳዊው ዘፋኝ ኒል ያንግ ትልቅ የላየነል ወዳጅ ነው። ልጁ ቤን ሴሬብራል ፓልሲ ስላለበት እጁን እንደልቡ ማዘዝ አይችልም፤ አባትየው ባቡሩን በቀላሉ ማዘዝ የሚችልበትን መሣሪያ አሠራለት። ነገሩ እየሰፋ ሄዶ በ1995 ላየነልን ከገዙት ባለሀብቶች አንዱ እስከ መሆን ደረሰ። በታኅሣሥ 2017 ግን የሰበሰባቸውን ባቡሮች ሎስ አንጀለስ ውስጥ በጨረታ አወጣቸው፤ ከገቢውም ከፊሉ የአካል ጉዳት ያለባቸውን ልጆች ለሚያስተምረው ብሪጅ ስኩል ለተባለው ትምህርት ቤት እንዲውል አደረገ። ገዢው የትኛው ባቡር የማን እንደነበረና ምን ታሪክ እንዳለው ከራሱ ከባለቤቱ አውቆ ገዛ። ታዋቂ ያልሆነ ሰውም ይህንኑ በትንሹ ማድረግ ይችላል።

ግብርም አለ፤ ባጭሩ ልንካው። አሜሪካ ውስጥ ከዓመት በላይ ተይዞ የተሸጠ የስብስብ ዕቃ ትርፍ ላይ የሚከፈለው የፌዴራል ግብር ጣሪያው 28 በመቶ ነው፤ ለአክሲዮን ከሚከፈለው ይበልጣል። በውርስ የመጣ ዕቃ ግን መነሻ ዋጋው በአብዛኛው ሟቹ ባለፉበት ቀን የነበረው የገበያ ዋጋ ስለሆነ፣ ወራሹ ወዲያው ቢሸጠው ትርፉ ትንሽ ነው። ለበጎ አድራጎት ድርጅት ሰጥቶ ከ5,000 ዶላር በላይ ከግብር ላስቀንስ የሚል ሰው ብቁ ገማች ያስፈልገዋል። ከዚህ ያለፈውን የሒሳብ ባለሙያችሁን ጠይቁ።

አረጋውያንን ለምትንከባከቡ እህቶችና ወንድሞች አደራ የምለው አለ። ሽማግሌው ወድደዋችሁ «ይህን ባቡር ውሰጂ፣ ይህን ውሰድ» ሊሉ ይችላሉ። ብዙ የእንክብካቤ ድርጅቶች ሠራተኛ ከደንበኛ ስጦታ እንዳይቀበል፣ ዕቃም እንዳይገዛ ይከለክላሉ። ዕቃው ዋጋ ያለው ሆኖ ከተገኘ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ሥራችሁንም ስማችሁንም ሊጎዳ ይችላል። አመስግናችሁ እምቢ በሉ፤ ስጦታው ከልብ ከሆነ ልጆቻቸው ባሉበትና ድርጅቱ በሚያውቀው መንገድ ይሁን። እናንተ ልትሰጧቸው የምትችሉት ግን ትልቅ ነገር አለ፤ ጊዜ።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት እንዲህ አድርጉ። ባቡር ያላቸው ሽማግሌ ቤት የምትገቡ ከሆነ፣ ወይም አማታችሁ ከነባቡራቸው በሕይወት ካሉ፣ ከቤተሰባቸው ጋር ተነጋግራችሁ አንድ ደብተር ይዛችሁ አጠገባቸው ተቀመጡ። አንድ ካርቶን ብቻ ክፈቱ። ቁጥሩን ጻፉ፣ የት እንደገዙት፣ ስንት እንደከፈሉበት፣ ምን እንደተጠገነ፣ ለማን እንዲደርስ እንደሚፈልጉ ጠይቁ። በሳምንቱ ሌላ ካርቶን ክፈቱ። የማይሸጠውን፣ ለልጅ ልጅ የሚቀረውን ራሳቸው ይለዩ። ያ ደብተር ካለ የትኛውም ነጋዴ ቤተሰቡን አያታልልም፤ የትኛውም ጨረታ ቤት ከእጃችሁ በደስታ ይቀበለዋል። ሰው እያለ ጠይቁ።